«ማየት የማትፈልጉት ነገር አለ?» ብላ የጠየቀችን የቦሎኛዋ ጉዞ አዘጋጅ

ቤተሰቤንና ጓደኞቼን ይዤ ጣሊያን ለመሄድ ሳስብ ለብዙ ድርጅቶች ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ ተመሳሳይ ነበር። ሮም ሁለት ሌሊት፣ ፍሎረንስ አንድ፣ ቬኒስ አንድ፣ ሚላኖ ለግዢ ግማሽ ቀን። ከላይ «ለእናንተ ብቻ የተዘጋጀ» ይላል። ስማችን ተጽፎበታል እንጂ ውስጡ የማንም ሰው ጉዞ ነው።

አንዷ ግን ዋጋም ፕሮግራምም ሳትልክ ጥያቄ ላከች። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ አገልግሎት ነው። ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ከባሏ ጋር የምትሠራው ትንሽ ድርጅት ነው። በአንድ ጊዜ ከስምንት ሰው በላይ አይቀበሉም። ስማቸውን እዚህ አላነሳም። ጽሑፌ ማስታወቂያ እንዲሆን አልፈልግም፤ ቅሬታዬንም በነፃነት መናገር እፈልጋለሁ። ሌላ አዘጋጅ የሚፈልግ ሰውም ቢሆን ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ማን ማን እንደነበርን ልናገር። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚያ ላይ ነው። እናቴ አለች። ሰባን ካለፈች ቆይታለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። ወንድሜና ሚስቱ አሉ። እሱ ካልዞረ አይረካም፣ እሷ ደግሞ አንድ ቦታ ቁጭ ብላ ሰው ማየት ትወዳለች። የሥራ ባልደረባዬና ባሏ አሉ፤ ሙስሊሞች ናቸው። እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ካልገባሁ አገር ያየሁ አይመስለኝም። ከመካከላችን የአሳማ ሥጋ የሚበላ የለም። የምንሄደው ግን አሳማ በየሳህኑ ወደሚገባበት አገር ነው።

ከጥያቄዎቿ የመጀመሪያዎቹ የሚጠበቁ ነበሩ። ዕድሜ፣ አለርጂ፣ ደረጃ መውጣት ይቻላል ወይ። የገረሙኝ ቀጥለው የመጡት ናቸው። ወይን ጠጅ ገብቶበት የተሠራ ወጥ ትበላላችሁ ወይስ እሱም አይሆንም? በጾም ቀን እንቁላል ይፈቀዳል? ዓሣስ? ከመካከላችሁ ቶሎ የሚተኛው ማን ነው? ብቻውን መሆን የሚወድስ? መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማየት ወይም መስማት የማትፈልጉት ነገር አለ?» ትላለች።

ይህችን የመጨረሻዋን ለእናቴ አነበብኩላት። አባቷ አርበኛ ነበሩ። ጣሊያን አገር ለሽርሽር መሄድ ከመነሻውም አልተዋጠላትም ነበር። «ምግባቸውን አልጠላሁም፤ የፋሺስት ሐውልት ግን እንዳታሳዩኝ» አለች። እንዳለችው አድርጌ ጻፍኩ። በማግስቱ መልስ መጣ። «ለእናትሽ ቦሎኛ ውስጥ የማሳያት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እንሄዳለን» የሚል ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው እምቢታ ነው። እኛ የጠየቅነው ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን ነበር። እሷ በጨዋ አነጋገር ከለከለችን። «ሦስት ከተማ ከሆነ ሻንጣ ስታስሩና ስትፈቱ ጊዜው ያልቃል፤ የእናትሽም ጉልበት አይችለውም» አለች። በምትኩ አንድ ክልል መረጠች፤ ኤሚሊያ ሮማኛ። ማረፊያችን ቦሎኛ ሆነ። ሞዴና፣ ፓርማና ራቬና ደርሶ መልስ። ፍሎረንስን ሳላይ አልመለስም ላለው ወንድሜም መፍትሔ ነበራት። ፈጣኑ ባቡር ከቦሎኛ 40 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። በነፃው ቀን ብቻውን ሄዶ ለእራት ደረሰ። ሚስቱ እሱን ከመከተል ፒያሳ ማጆሬ ላይ ከእናቴ ጋር ማኪያቶ እየጠጣች መዋልን መረጠች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነው ያመሹት።

የዚህ ዓይነት አዘጋጅ ዋናው ሥራ የሚቀነሰውን ማወቅ ነው። ዝርዝር ማርዘም ማንም ይችላል። ገንዘብ ሊከፍል የተዘጋጀን ደንበኛ «ይሄ ይቅርባችሁ» ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ለእኔ የዚህች ሴት አገልግሎት ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ወሩንም የመረጠችው እሷ ናት። ኦገስትን አትሞክሩት አለች። ሙቀቱ ከባድ ነው። ኦገስት 15 ደግሞ ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ስለሆነ በዚያ ሰሞን ብዙ የሰፈር ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ባለቤቶቹም ለዕረፍት ይሄዳሉ። እናቴ በበኩሏ መስቀልን ከቤቷ ውጭ አታከብርም። ስለዚህ ጥቅምት ሆነ። የጽጌ ጾም ገብቶ ነበር፤ እሱ የፈቃድ ስለሆነ እናቴ ለመንገዱ ተወችው። ረቡዕና ዓርብ ግን አይነካም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጠዋት። ከፒያሳ ማጆሬ ጎን የኔፕቱን ምንጭ ያለበት አደባባይ አለ። እዚያ አንድ ትልቅ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ትናንሽ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ከ2,000 በላይ ናቸው። ከፋሺስቶችና ከናዚዎች ጋር ሲዋጉ የሞቱ የቦሎኛና የአካባቢዋ አርበኞች ናቸው። ወንድም ሴትም አለ። ገና ጢም ያላወጡ ልጆችም አሉ። ፋሺስቶቹ አርበኞችን ይረሽኑ የነበረው እዚሁ ግድግዳ ሥር ነው። ከተማዋ ኤፕሪል 21 ቀን 1945 ነፃ ስትወጣ ዘመድ የሞተበት ሰው ፎቶና አበባ እያመጣ ያኖር ጀመር። የዛሬው መታሰቢያ የመጣው ከዚያ ነው።

አዘጋጇ ንግግር አላበዛችም። ቦታው ምን እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ቺሬናይካ ስለሚባለው የከተማው ሰፈር አነሳች። በቅኝ ግዛት ዘመን መንገዶቹ በሊቢያ ቦታዎች ስም የተሰየሙበት ሰፈር ነው። ከጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ስሞች ተነስተው የአርበኞች ስም ተተካባቸው። ይህን ብላ ዞር አለችልን። እናቴ ፎቶዎቹን እየተጠጋች አየች። አንዲት ወጣት ሴት ጋ ስትደርስ ቆመች። «እናቶቻቸው እንዴት ቻሉት?» አለች። ተረጎምኩላት። አዘጋጇ መልስ አልሰጠችም፤ እጇን ያዘቻት። ከዚያ በኋላ እናቴን አገሩም ሰዉም ቀለላት። ምሳ ላይ ራሷ ናት ጨዋታ የጀመረችው።

እንዲህ ያለውን ነገር ማንኛውም አስጎብኚ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ አደባባይ ላይ ያለ ነገር ነው። ለእናቴ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ነገር እንዲሆን ማድረግ ግን የሚቻለው ቀድሞ ለጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው የሚፈራውም እሱን ነው። የቦሎኛ ኩራት ቶርቴሊኒ የሚባለው ውስጡ የተሞላ ትንሽ ፓስታ ነው። ውስጡ የአሳማ ወገብ ሥጋ፣ ፕሮሹቶና ሞርታዴላ አለበት፤ ሁሉም አሳማ ናቸው። ራጉ የሚሉት የሥጋ ስልሳቸው ውስጥም ፓንቼታ የሚባል የአሳማ ሥጋ ይገባል። አንዳንዱ ዳቦ እንኳ ሊጡ በአሳማ ስብ ይታሻል። «አሳማ አንበላም» ብሎ መናገር አይበቃም ማለት ነው። አስተናጋጁ ሥጋውን አውጥቶ ስቡን ሊተወው ይችላል። እሱ ዘንድ ስብ ሥጋ አይደለም።

አዘጋጇ ምግብ ቤቶቹን አንድ በአንድ ደውላ አነጋግራለች። ለእያንዳንዳችን በጣሊያንኛ የተጻፈ ትንሽ ካርድ ሰጠችን። የእናቴ ካርድ የረቡዕና የዓርብ ነው፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ አይብ የለ፣ እንቁላል የለ። የባልደረባዬ ካርድ ደግሞ ስለ ስቡና ስለ ወይን ጠጁ ይናገራል። ብቻችንን በወጣንበት ምሽት ይህ ካርድ አዳነን። አስተናጋጁ አንብቦ ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ ሲመለስ የምንችለውን በጣቱ እያሳየ ነገረን።

ደግሞ ተርበን አልከረምንም። ከአሳማ ውጭ ያለው የዚያ አገር ምግብ ብዙ ነው። ቶርቴሎኒ አለ፤ ከቶርቴሊኒ ተለቅ ይላል፣ ውስጡ ሪኮታ አይብና ፐርስሊ ነው። ፓርማ ውስጥ በቅጠላ ቅጠልና በሪኮታ የተሞላ ቶርቴሊ አለ። ከፌራራ የመጣው ካፔላቺ ደግሞ ውስጡ ዱባ ነው፤ ጣፋጭነቱ ቅቤው ላይ ሲያርፍ ልዩ ነው። የወንድሜ ሚስት ሌላ ነገር ማዘዝ ተወች። በጾም ቀን እናቴ ከስንዴና ከውሃ ብቻ የሚሠራውን ደረቅ ፓስታ፣ የሽምብራ ሾርባ፣ ፍሪጆኔም በላች። ፍሪጆኔ ሽንኩርት ለሰዓታት በቀስታ በስሎ ቲማቲም የሚገባበት የቦሎኛ ምግብ ነው። የተለመደው በአሳማ ስብ ነው። ለእኛ ቀድሞ ተነግሮ በወይራ ዘይት ተሠራ። እናቴ ዳቦ እያጠቀሰች ሳህኑን ጠረገችው።

አንድ ረቡዕ ምሳ ላይ አስተናጋጁ የእናቴን ፓስታ አይብ ነስንሶበት አመጣ። ልማድ ሆኖበት ነው። አዘጋጇ ከወንበሯ ተነስታ ሳህኑ ጠረጴዛ ሳይነካ ተቀበለችው። አይቡን እናንሳለት አላለችም። አዲስ አሠራች። ጾመኛ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከላይ ማንሳት ማለት ጾም አይደለም።

ከሁሉ የወደድኩት የሊጡ ቀን ነው። ቦሎኛ ውስጥ ፓስታ በእጃቸው የሚዳምጡ ሴቶች ስፎሊና ይባላሉ። የሄድነው አንዲት ጡረታ የወጣች ስፎሊና ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያለው። (ሊፍት መኖሩን አዘጋጇ አስቀድማ ጽፋልን ነበር።) ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ የእንጨት ገበታና ረጅም መዳመጫ አለ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል። ውሃ አይገባም።

እናቴ ሊጡን ዳሰሰችና «ደርቋል» አለች። ሴትየዋ ሳይተረጎምላት ገባት። ሳቅ ብላ ሊጡን ሸፍና አስቀመጠችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ መልሳ ለእናቴ ሰጠቻት። ሊጡ ለስልሷል። እናቴ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ከዚያ መዳመጥ ተጀመረ። እናቴ ወደ ታች ትጫናለች። ሴትየዋ የእናቴን አንጓ ይዛ ወደ ፊት እንድትገፋ አሳየቻት። ወደ ታች ሲጫኑት ሊጡ ይቀጥናል ግን ይጣበቃል። ወደ ፊት ሲገፋ ይዘረጋል። ቀስ በቀስ ሊጡ ከገበታው ጠርዝ ወርዶ ተንጠለጠለ። ቦሎኛዎች ጥሩ ሊጥ ማለት በውስጡ አሻግሮ ሳን ሉካን የሚያሳይ ነው ይላሉ፤ ሳን ሉካ ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያናቸው ናት። ሴትየዋ ሊጡን ወደ መስኮቱ አንስታ ያዘችው። ብርሃኑ አለፈ፤ የጣቶቿም ጥላ በግልጽ ታየ።

ስትቆርጠው ታልያቴሌ የሚባለው ረጅም ጠፍጣፋ ፓስታ ሆነ። ስፋቱ የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የታልያቴሌ ልክ በቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ተመዝግቧል፤ በስሎ 8 ሚሊ ሜትር። ይህም የከተማዋ ረጅሙ ግንብ የአዚኔሊ ቁመት 12,270ኛ ክፍል ነው ብለው ይናገራሉ። ሴትየዋ ግን ማስመሪያ አልያዘችም። እጇ ያውቀዋል። የተበላው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስልሱ ለእኛ ሲባል በበሬ ሥጋ ብቻ፣ ወይን ጠጅ ሳይገባበት ተሠርቶ ነበር። ቁጭ ብለን ሦስት ሰዓት አለፈ። ለዚህ ቀን ብቻ ስል ሁሉንም እንደገና እከፍላለሁ።

አይብ ቤቱ ደግሞ ማልዶ መነሳት ይጠይቃል። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው አይብ የሚሠራው ጠዋት ነው። ምሳ ላይ ለሚደርስ ሰው የሚጠብቀው የታጠበ ወለል ነው። አዘጋጇ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ቀሰቀሰችን፤ ወንድሜ አጉረመረመ፤ በኋላ እሱ ነው ከሁሉ በላይ የተደሰተው። የማታው ወተት አድሮ ከላዩ ቅባቱ ይገፈፋል፣ ከጠዋቱ ወተት ጋር ይቀላቀላል፣ በትልልቅ የመዳብ ጋኖች ውስጥ ይገባል። ከዚያ ከትናንቱ አይብ የተረፈው አጓት ይጨመርበታል። ይህ ሲተረጎምላት እናቴ ወደ እኔ ዞራ «እርሾ በያቸው! እኛ ለእንጀራው የምናደርገው አይደል?» አለች። ልክ ነች። ከትናንቱ ቆጥበው የዛሬውን ያስነሱበታል። ለአይብ ሠሪው ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ እናቴን ወደ ጋኑ አስጠጋት።

የረጋው ወተት በሽቦ መበጠሻ ይደቃል፤ ሙቀቱ እስከ 55 ዲግሪ ይደርሳል። የደቀቀው ወደ ታች ሰምጦ አንድ ይሆናል። ሁለት ሰዎች በእንጨት መቅዘፊያ አንስተው በጨርቅ ያንጠለጥሉታል፤ መሐሉን በቢላ ይከፍሉታል። ሁለቱን መንታ ይሏቸዋል። አንዱ አይብ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ለእሱ ወደ 550 ሊትር ወተት ይሄዳል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ ጨው ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቢያንስ 12 ወር ሳይሞላው ስሙን አያገኝም። በዚያን ጊዜ ባለሙያ መጥቶ በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ውስጡ ክፍተት ያለበት ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወተቱን የሚያረጋው ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነገር ነው። አዘጋጇ ይህን ለባልደረባዬና ለባሏ ከጉዞው ሳምንታት በፊት ጽፋላቸዋለች። መብላት አለመብላቱን እነሱ አስበው ወሰኑ። እዚያ ደርሰው አይቡ አፋቸው ጋ ከደረሰ በኋላ አልሰሙትም። ለእኔ አክብሮት ማለት ይሄ ነው።

ራቬና ከቦሎኛ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ብዙ አልጽፍም፤ እንደኔ ቃላት የሚችሉት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ547 በተባረከችው ሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንጉሥ ዩስቲኒያኖስና ንግሥት ቴዎዶራ በጠጠር ሞዛይክ ተሥለው ፊት ለፊት ይተያያሉ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ነው የገባችው። አስጎብኚዋ ስታያት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከመናገሯ በፊትም ጸሎቷን እስክትጨርስ ጠበቀቻት። አዘጋጇ እንድትጠብቅ ነግራት እንደሆነ በኋላ ጠየቅኋት። አዎ አለች።

አሁን ቅሬታዬ። መጀመሪያ መኪናው። የቦሎኛ መሐል ከተማ ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳይገባ በካሜራ ይጠበቃል፤ የጣሊያን ብዙ ከተሞች እንዲህ ናቸው። ከአየር ማረፊያ የወሰደን ሹፌር በሌላ ሰው ተተክቶ የመጣ ነበር፤ ታርጋው አልተመዘገበም። መኪና ከተከለከለበት ሰፈር ውጭ አወረደን። እናቴ ከረጅም በረራ በኋላ ሻንጣ የሚጎትቱ ልጆቿን ተከትላ ተራመደች። እንደ ዕድል የቦሎኛ መንገዶች ዳርና ዳር ባለ ቅስት ጣሪያ መተላለፊያ ናቸው፤ ዝናቡ አላገኘንም። ግን ስለ ጉልበቷ ያን ያህል ከጠየቁ በኋላ ይህ መሆን አልነበረበትም። አዘጋጇ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ መኪናው እስከ ሆቴሉ በር ደረሰ።

ሁለተኛው ሞዴና ላይ ነው። ትራዲሲዮናሌ የሚባለውን የባልሳሚኮ ኮምጣጤ ለማየት ነው የሄድነው። ነገሩ ራሱ ድንቅ ነው። የወይን ጭማቂ በእሳት ይበስላል፤ ከዚያ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል መጠናቸው እየቀነሰ በሚሄድ በርሜሎች ውስጥ ቢያንስ 12 ዓመት ይኖራል። ኤክስትራቬኪዮ የሚባለው ቢያንስ 25 ዓመት ነው። ከትንሹ በርሜል ጥቂት ይወሰዳል፤ የጎደለው ከቀጣዩ ይሞላል። የሚሸጠው 100 ሚሊ ሊትር በምትይዝ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ብቻ ነው። የጠርሙሷን ቅርጽ የነደፈው የመኪና ንድፍ ባለሙያው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። በየሱፐርማርኬቱ የምናየው የሞዴና ባልሳሚኮ ሌላ ነው፤ የወይን ጭማቂና ኮምጣጤ ተቀላቅሎ ከ60 ቀን ጀምሮ ለገበያ ይወጣል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ቅሬታዬ የገባንበት ቤት ላይ ነው። በርሜሎቹ ጋ ያቆዩን ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ግን ብዙ ቆየን። አንዱ ጠርሙስ ከ80 ዩሮ በላይ ነው። ካልገዛችሁ የሚል ፊት ነበር። ለአዘጋጇ ነገርኳት። ከዝርዝሯ እንደምታወጣው ነገረችኝ።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። የየቀኑ ፕሮግራም በስልክ መልእክት ተበጣጥሶ ይመጣል። ለእኔ ችግር የለውም። እናቴ ግን ነገ ምን እንዳለ በእጇ ይዛ ማየት ትፈልጋለች። አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጡ ምን ነበረበት? ይህን እስከ መጨረሻው አላስተካከሉትም።

ዋጋውን በግልጽ ልናገር። በረራ ሳይጨምር ለአንድ ሰው በቀን 260 ዩሮ አካባቢ መጣብን። በዚህ ውስጥ ሆቴል፣ ሹፌር፣ አስጎብኚ፣ የሊጡ ቀንና በቀን አንድ ምግብ አለ። በአውቶቡስ ከሚጓዙት ትልልቅ ቡድኖች ጋር ካነጻጸራችሁት ብዙ ነው። ብቻውን ለሚሄድ፣ ጾምም ጉልበትም ለማያስጨንቀው ወጣት አያስፈልግም እላለሁ። ባቡሩ ቀላል ነው፤ ራሱ ይወጣዋል። እናትና አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ገንዘቡ በትክክል ሥራ ላይ ይውላል። ሆቴሉ ለከተማው በሰው በሌሊት የሚያስከፍለው ግብር አለ፤ ምግብ ቤት ደግሞ ኮፔርቶ የሚል የመቀመጫ ሒሳብ ይጨምራል። ሁለቱም ከዋጋው ውጭ ናቸው። ቀድመው ስለነገሩን አልደነገጥንም።

ውል መፈራረማችሁን አረጋግጡ። ማረፊያና መጓጓዣን አንድ ላይ አድርጎ የሚሸጥ ድርጅት በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2015/2302 ሥር ነው። ድርጅቱ ቢከስር ገንዘባችሁ የሚመለስበት ዋስትና ሊኖረው ይገባል። ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ከጨመረ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስለመጣች ለሼንገን ቪዛዋ የሆቴልና የየዕለቱን ፕሮግራም ማረጋገጫ በደብዳቤ ላኩልን። ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ግዴታ ነው፤ እሱን እኛው ገዛን።

በሁዳዴ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ግን ኤሚሊያ ሮማኛን ተዉት። የዚያ አገር ማዕድ እንቁላል፣ ቅቤና አይብ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይቻላል፤ ሃምሳ አምስት ቀን ለሚጾም ሰው ግን እያዩ መራብ ነው። ይህን ያለችኝ ራሷ አዘጋጇ ናት፤ ሥራው ለእሷ የሚገባ ቢሆንም። ፑልያ ሂዱ አለች፤ ደቡብ ናት፣ የወይራ ዘይት አገር። እዚያ ባቄላ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ከመራራ ቅጠል ጋር ይቀርባል። ኦሬኪዬቴ የሚባለው ፓስታቸውም እንቁላል የለውም፤ ዱቄትና ውሃ ነው። ከቅጠል ጋር ሲሠራ ብዙ ጊዜ አንቾቪ የምትባል ትንሽ ዓሣ ስለሚገባበት ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ሳታዝዙ ተናገሩ።